የሥራ ቦታ ሥልጠናን አዝናኝ ማድረግ፦ ጨዋታውን ከሥራው ውስጥ ማውጣት

ሥልጠና አዝናኝ ይሁን ሲባል ብዙ አዘጋጆች የሚጀምሩት ከጌጡ ነው፤ ፊኛ፣ ሙዚቃ፣ ሽልማት፣ በየመሐሉ ቀልድ። ሰልጣኙ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ በማግስቱ ወደ ሥራው ሲመለስ ግን ያው የድሮው ስህተት ይጠብቀዋል። ሰውን በእውነት የሚይዘው ውሳኔ ነው፦ "እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ?" የሚያሰኝ አጣብቂኝ፣ የሚያጣድፍ ሰዓት፣ የማይስማማ የቡድን ጓደኛ፣ ወዲያው የሚታይ ውጤት። እነዚህ ሁሉ ሥራው ውስጥ ቀድሞም አሉ። የአዘጋጁ ድርሻ ፈልቅቆ ማውጣት ነው።

አንድ ጨዋታ ለማስተማር ይጠቅም እንደሆነ መፈተኛው ቀላል ነው። ርዕሱን አውጥተው በቦታው ሌላ ርዕስ ይተኩበት። ጨዋታው ምንም ሳይነካ የሚቀጥል ከሆነ ጌጥ ነው። ኳስ እየተወራወሩ ጥያቄ መመለስን ይውሰዱ፤ ስለ እሳት አደጋም ሆነ ስለ ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ኳሱ ያው ኳስ ነው። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ለማባረር ለ3 ደቂቃ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበት።

መነሻው ስህተት ነው

ርዕስ ይዘው አይነሡ። "የደንበኛ አያያዝ"፣ "የመረጃ ደኅንነት" የሚሉት ከመስፋታቸው የተነሣ የሚጨበጥ ጨዋታ አይወጣቸውም። ይልቅ ሥራውን በየቀኑ ከሚያዩ 3 ወይም 4 ሰዎች ጋር ለ20 ደቂቃ ይቀመጡ፤ የክፍል ተቆጣጣሪ፣ ቅሬታ ተቀባይ፣ አዲስ ሠራተኛ የሚያለማምድ ነባር ሠራተኛ ቢኖርበት ጥሩ ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ ባለፉት 3 ወራት እየተመላለሰ የመጣው፣ ቢቀር ሁላችንንም የሚያሳርፈን ስህተት የትኛው ነው? ከሚነገርዎት ውስጥ ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይምረጡ።

ቀጥሎ ትክክለኛውን አሠራር በዓይን በሚታይ ድርጊት ይጻፉት። "ሠራተኞች የርክክብ ሥርዓቱን ይረዳሉ" የሚለው አይታይም፣ አይቆጠርም። "ተረካቢው ዕቃው ከማዘዣው ጋር ካልገጠመ ልዩነቱን ሰነዱ ላይ ሳይጽፍ አይፈርምም" የሚለው ግን ይታያል፣ ይቆጠራል። ጨዋታ የሚሆነውም እሱ ነው፤ ተረካቢው ከሹፌሩ ጥድፊያ፣ ከአለቃው ዝምታና ከራሱ ድካም ጋር ሲታገል እንዲታየን ያደርጋልና።

ከመቀጠልዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ይህ ሠራተኛ ጊዜ፣ መሣሪያና ሥልጣን ተሟልቶለት ዛሬውኑ ትልቅ ሽልማት ቢቀርብለት ሥራውን በትክክል ሊሠራው ይችላል? መልሱ "አዎ" ከሆነ የጎደለው እውቀት አይደለም። ጊዜ፣ መሣሪያ ወይም ሥልጣን አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የቱንም ያህል ያማረ ጨዋታ አይፈታውም።

የጉዳይ ጨዋታ

ካሉት መንገዶች ሁሉ ልፋትን የሚክሰው ይህ፣ ቡድን ከሥራው የተወሰደ አንድ ጉዳይ ይዞ የሚወስንበት ጨዋታ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን። አራት ሰው ላለበት አንድ ቡድን የሚያስፈልገው ከ120 ቃላት ያልበለጠ አንድ የጉዳይ ገጽ፣ 8 የመረጃ ካርዶች፣ ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ 3 የታሸጉ ፖስታዎች፣ አንድ የውሳኔ ወረቀትና ሁሉም የሚያየው ሰዓት ነው። ለ24 ሰው 6 ቡድን፣ በድምሩ 48 ካርድ ይሆናል። ካርዶቹን ጠንከር ባለ ወረቀት ያትሙና በእያንዳንዱ ጥግ ላይ የቡድኑን ቁጥር ይጻፉ፤ አለበለዚያ ሲሰበሰቡ ይደባለቃሉ፣ ቀጣዩ ዙር ላይ አንድ ቡድን መረጃ ጎድሎት ይቀመጣል።

የርክክቡን ምሳሌ እንውሰድ። የጉዳይ ገጹ እንዲህ ይላል፦ ዕቃ የጫነ መኪና መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። ማዘዣው 50 ካርቶን ይላል፣ የማስረከቢያ ሰነዱም 50 ይላል፣ ሲቆጠር ግን 48 ነው። ስምንቱ ካርዶች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ሹፌሩ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሌላ ቦታ መድረስ አለበት፤ የክፍሉ ኃላፊ ስልክ አያነሣም፤ የአንዱ ካርቶን ጥግ ረጥቧል፤ ባለፈው ጊዜ ከዚሁ አቅራቢ የጎደለው ዕቃ በማግስቱ መጥቷል፤ የምርት ክፍሉ ዕቃውን ከምሳ በፊት ይፈልገዋል፤ ሰነዱ ላይ የልዩነት ማስታወሻ የሚጻፍበት የተለየ ሳጥን የለም፤ ከመመሪያው የተቀዳ አንድ አንቀጽ፤ በመጨረሻም ከጉዳዩ ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ መረጃ። የመጨረሻው በስህተት የገባ አይደለም። እውነተኛ ሥራ ሁልጊዜ የማያስፈልግ ወሬ አብሮት ይመጣል፤ መለየትም የትምህርቱ አካል ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው 2 ካርድ ይደርሰዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ የያዙትን በቃል መናገር እንጂ ካርዱን ማሳየት አይቻልም። ይህን ሕግ አይተዉት። ካርዶቹ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጉ ፈጣኑ አንባቢ ሁሉን ይጠቀልለውና ሌሎቹ ተመልካች ይሆናሉ። ካርዱ በእጅ ከቀረ ግን ዝምተኛው ሰው ሳይናገር ቡድኑ መወሰን አይችልም።

የ45 ደቂቃው ክፍፍል እንዲህ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ 4 ደቂቃዎች ሕጉን ለማስረዳት ናቸው። ከዚያ 8 ደቂቃ ለመጀመሪያው ውሳኔ፦ ትፈርማላችሁ ወይስ አትፈርሙም? ፈርማችሁስ ምን ትጽፋላችሁ? ውሳኔው በብዕር ይጻፋል፤ እርሳስ ከሆነ ውጤቱ ሲታይ ይሰረዛል። ፖስታው የሚከፈተው እንደ ውሳኔው ነው። ዝም ብሎ የፈረመ ቡድን "ሀ"ን ይከፍታል፤ አቅራቢው "50 መቀበላችሁን ፈርማችኋል" ብሎ የሙሉውን ክፍያ ጠይቋል። ጭነቱን በሙሉ የመለሰ "ለ"ን ይከፍታል፤ የምርት መስመሩ ቆሟል። 48 ብሎ ጽፎ፣ ሹፌሩንም አስፈርሞ የተረከበ "ሐ"ን ይከፍታል፤ ውስጡ ቀለል ያለ ቢመስልም የረጠበው ካርቶን ጣጣ ይጠብቀዋል። ለሁለተኛው ውሳኔ 6 ደቂቃ ይስጡ። ሦስተኛው ለሁሉም አንድ ነው፦ አቅራቢው መልስ እየጠበቀ ነው፣ በሁለት መስመር ጻፉለት፤ 7 ደቂቃ።

የቀረው 20 ደቂቃ ለውይይት ነው። ከጨዋታው ጋር የሚቀራረብ ጊዜ የሚወስደው በከንቱ አይደለም፤ በጨዋታው ጊዜ ሰው ይጣደፋል፣ ትምህርቱ የሚረጋው ረጋ ብሎ ሲያየው ነው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ሐሳባችሁ የተለወጠው በየትኛው ካርድ ነው? ትክክለኛውን ለማድረግ ያስቸገራችሁ ምን ነበር? ነገ ይኸው ቢገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው? የመጨረሻውን እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ይጻፍ። የሁለተኛውን ጥያቄ መልሶች ደግሞ አዘጋጁ ቃል በቃል መዝግቦ ያስቀምጥ፤ ኋላ ይፈለጋሉ።

የሚበላሸው የት ነው?

በብዛት የሚያጋጥመው ችግር መልሱ ፊት ለፊት መታየቱ ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ "ጥሩ ሠራተኛ"፣ ሌላው "ሰነፍ ሠራተኛ" የሚመስል ከሆነ ማንም አይከራከርም። ትክክለኛውም ምርጫ ዋጋ ያስከፍል፤ ጊዜ ይብላ፣ ሹፌሩን ያስቀይም፣ ኃላፊውን ያስቆጣ።

ሁለተኛው ጊዜ ማለቁ ነው። ጨዋታው ከተንዛዛ ሦስተኛውን ውሳኔ ይዝለሉ፤ ውይይቱን ግን ፈጽሞ አይቁረጡ።

ሦስተኛው የቡድኑ መጠን ነው። ፈረንሳዊው ማክስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራ፣ ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ሰባት ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አምስቱ ይስማማሉ። አራት ምርጥ ነው፣ አምስት ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይክፈሉት።

አራተኛው ስስ ጉዳይ ነው፤ የአለቃ መቀመጫ። የአስተዳደር ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ጥናት፣ ስህተትን መናገር የማያስፈራበት ቡድን የበለጠ እንደሚማር አመልክታለች። የቅርብ አለቃ ቡድኑ ውስጥ ከተቀመጠ ሰው ለጉዳዩ ሳይሆን ለአለቃው ፊት መልስ ይሰጣል። አለቆችን አንድ ላይ በአንድ ቡድን ያስቀምጧቸው፤ ሲሳሳቱ መታየታቸው ለሌላውም ድፍረት ይሆናል። ጉዳዩ ከእውነተኛ ክስተት ከተወሰደ ደግሞ ክፍሉን፣ የዕቃውን ዓይነትና ቁጥሩን ይለውጡ። ሰልጣኞች "ይህማ የእገሌ ጉድ ነው" ብለው ካወቁት ጨዋታው ሐሜት ይሆናል፤ ያ ሰው ከመካከላቸው ተቀምጦ ከሆነም ጉዳቱ ቶሎ አይሽርም።

ከዋናው ቀን በፊት ዝግጅቱ ውስጥ ካልነበሩ 4 ሰዎች ጋር አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ከ2 ደቂቃ በታች ከወሰኑ ጉዳዩ ቀሏል፤ በ10 ደቂቃም ካልወሰኑ መረጃው በዝቷል ወይም ጥያቄው ግልጽ አይደለም።

የጥያቄና መልስ ውድድር

ውድድሩን ከመዝናኛነት በላይ የሚያደርገው ማስታወስ ራሱ ማጥኛ መሆኑ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በልጠው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት በመሐል ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ሆኑ። ስለዚህ በሥልጠናው መጨረሻ የሚደረግ አንድ ትልቅ ውድድር ከጥቅሙ ብዙውን ያባክናል። አሥር ጥያቄ ካለዎት 4ቱን በዕለቱ ይጠይቁ፤ የቀሩትን 6 በሥራ ቡድኑ የቴሌግራም ወይም የኢሜይል መስመር ሁለት ሁለት አድርገው ከ2 ቀን፣ ከ1 ሳምንትና ከ3 ሳምንት በኋላ ይላኩ። ለአንዱ ጥያቄ ከ1 ደቂቃ በላይ መውሰድ የለበትም።

ጥያቄው ትርጉም የሚያስሸመድድ አይሁን። "የማጭበርበሪያ ኢሜይል ምንድን ነው?" ከማለት ሦስት ኢሜይሎችን ያሳዩና "የትኛውን አትከፍትም? ለምን?" ይበሉ። የተሳሳቱት አማራጮች ሰዎች በእርግጥ ከሚሠሩት ስህተት ይወሰዱ። ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ ረጅሙ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ አዘጋጅ ትክክለኛውን ሲጽፍ ማብራሪያ ማከል ስለሚቀናው ሰልጣኙ ሳያነብ በርዝመቱ ይለየዋል።

እንደ ካሁት ባሉ፣ ሰልጣኞች በስልካቸው ጥያቄ በሚመልሱባቸው የውድድር መሣሪያዎች በተለመደው አቆጣጠር ቀድሞ የመለሰ የበለጠ ነጥብ ያገኛል። ለሞቅታው ደስ ይላል፤ ጥንቃቄ ለሚጠይቅ ሥራ ግን ሰውን ሳያነቡ መጫን ያለማምዳል። ነጥቡ የሚቀንሰው ከተሰጠው ጊዜ ምን ያህሉ እንዳለፈ ታይቶ ስለሆነ፣ የ20 ሰከንዱን ጥያቄ ወደ 60 ቢያሰፉት የፍጥነት ልዩነቱ ይጠባል።

ከፍጥነት ይልቅ የምንመክረው የእርግጠኝነት ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከመልሱ ጋር "እርግጠኛ ነን" ወይም "እንጠራጠራለን" ብሎ ይጽፋል። እርግጠኛ ሆኖ ያገኘ 3 ነጥብ ይደመርለታል፣ የሳተ 3 ይቀነስበታል። ተጠራጥሮ ያገኘ 1 ያገኛል፣ የሳተ 0። በዚህ አሠራር እርግጠኛ ነኝ ማለት የሚያዋጣው ከ10 ጊዜ ከ6 በላይ ልክ እንደሚሆን ለሚያምን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቡድኑ መልሱን ብቻ ሳይሆን እውቀቱንም ይመዝናል። ሌላም ጥቅም አለው። ባተርፊልድና ሜትካልፍ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት፣ ሰው በሙሉ ልቡ ተማምኖ የተሳሳተውን ነገር እርማቱ ሲነገረው በቀላሉ ያስታውሰዋል፤ ድንጋጤው ትኩረቱን ይስበዋል። እርማቱን ግን እስከ መጨረሻ አያቆዩት፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ በ30 ሰከንድ "ለምን" የሚለውን ይናገሩ።

ነጥብና ሽልማት

የሁሉንም ስም ከ1ኛ እስከ 40ኛ የሚደረድር የደረጃ ሰንጠረዥ ከላይ ያሉትን ጥቂት ሰዎች ያነሣሣል፤ ከመሐል በታች ያለው ግን ቶሎ መከታተሉን ሊተው ይችላል። የቡድን ነጥብ ይጠቀሙ፣ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ 3 ብቻ ይሁኑ፣ በየ2 ሳምንቱም ከዜሮ ይጀምር። የሥራ ምዘናን ከጨዋታ ነጥብ ጋር አያያይዙ። ነጥቡ ደመወዝ ወይም ዕድገት የሚነካ ከሆነ ጨዋታነቱ ቀረ፤ መልስ መቀባበል የሚጀመረውም ያኔ ነው።

በሽልማት ላይ ቁጥብ መሆን ይሻላል። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት "ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" ከተባሉ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ለመሣል ያላቸው ፍላጎት እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን እንዲህ አልሆኑም። ስለዚህ ሽልማት ካለ ትንሽ፣ ቡድኑ አብሮ የሚካፈለውና አስቀድሞ ያልተነገረ ይሁን። ከሁሉም የሚበልጠው በውይይቱ ላይ የመጣ አንድ የሠራተኛ ሐሳብ በሳምንቱ ሥራ ላይ ሲውል ማየት ነው፤ ማስታወሻ መጻፊያ ሳጥን ያልነበረው ቅጽ ሳጥን ሲገባለት ሁሉም ያየዋል።

ጨዋታ ለማይወደው ሰው

በግድ ደስ ይበልህ የተባለ ሰው ደስ አይለውም። መማሩ ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ መድረክ ላይ መውጣት፣ መዝፈን፣ ስለ ግል ሕይወት መናገር ግን በፈቃድ ብቻ ይሁን። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ብዙ መናገር የማይጠይቅ ሥራም ይኑር፤ ሰዓት ያዥ፣ ጸሐፊ፣ መመሪያ ፈታሽ። ሰዓቱ ከሥራ ሰዓት ይወሰድ እንጂ ከምሳ ወይም ከመውጫ በኋላ አይሁን። ካርዶችን በቀለም ብቻ አይለዩ፤ ቀለም መለየት የሚያስቸግረው ሰው አለና ቁጥር ወይም ቅርጽ ይጨምሩበት። መሮጥ የሚጠይቅ ጨዋታ ከጨዋታው ውጭ የሚቀረውን ሰው ስለሚያበዛ አይመረጥም።

በዙም ወይም በመሰል መንገድ ሲሆን ቡድኑን ወደ 3 ያውርዱ፣ ለእያንዳንዱ ዙር 2 ደቂቃ ይጨምሩ፣ ካርዶቹንም በግል መልእክት አስቀድመው ይላኩ። ካሜራ ማብራትን ግዴታ አያድርጉ፤ ሰውን የሚያነቃው የያዘው ካርድ ነው።

በሥልጠናዎቹ መካከል

ሠራተኛ ከሥራው ጋር ያለውን ትስስር በዓመት አንድ ቀን አይገነባም። በወር አንዴ 5 ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ ይበቃል፤ ከአምስቱ አንዱ "በዚህ ወር ሥራህን ያከበደብህ አንድ ነገር ምንድን ነው?" ይሁን። ስም አይጠየቅ፤ ከ5 ሰው በታች ያለበትን ክፍል ውጤት ለብቻው አያውጡ፤ ማን እንደጻፈው ይታወቃል። ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ የተባለውን፣ የተደረገውንና የማይደረገውን ከነምክንያቱ ለሁሉም ያሳውቁ። ይህን ለማድረግ ካልተዘጋጁ መጠይቁን አይላኩ፤ ጠይቆ ዝም ማለት ካለመጠየቅ ይብሳል።

ምስጋናም ዝርዝር ይፈልጋል። "በርቱ" ማንንም አያነሣሣም። "ትናንት 48 መሆኑን ጽፈሽ ሹፌሩን ማስፈረምሽ ለሒሳብ ክፍሉ የሁለት ቀን ክርክር አስቀርቶለታል" ሲባል ግን ምን መደገም እንዳለበት ሰሚው ሁሉ ያውቃል።

ልኬት

አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያቀረበው የሥልጠና መመዘኛ አራት ደረጃ አለው፦ ሰልጣኙ ወደደው? ተማረ? አሠራሩን ለወጠ? ውጤቱ ተለወጠ? በዕለቱ መጨረሻ የሚታደለው የአስተያየት ቅጽ የመጀመሪያውን ብቻ ይነግርዎታል፤ አዝናኝ ሥልጠና ደግሞ በዚህኛው ብዙ ጊዜ ጥሩ ስለሚያገኝ ያታልላል።

ሦስተኛውን ለማየት መቁጠር ይበቃል። ከሥልጠናው በፊት ባሉት 4 ሳምንታት ስንት የርክክብ ሰነድ ልዩነት እያለው ሳይጻፍበት ተፈረመ? ቀጥሎ ባሉት 4 ሳምንታትስ? ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንትስ? ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ካሉዎት አንዱን ቀድመው፣ ሌላውን ከ8 ሳምንት በኋላ ያሰልጥኑና ያነጻጽሩ፤ የሥራው ብዛት ቀንሶ ስህተቱ የቀነሰ ከሆነ በዚህ ይለያል። ቁጥሩ መጀመሪያ ወርዶ ኋላ ከተመለሰ የጎደለው በየጊዜው ማስታወስ ነው፤ ሁለት ሁለት ጥያቄ መላኩን ይቀጥሉ። ጭራሽ ካልወረደ በውይይቱ ላይ የመዘገቡትን የሁለተኛውን ጥያቄ መልሶች ያውጡ። "ትክክለኛውን ለማድረግ ያስቸገረን" ብለው የዘረዘሩት ለቀጣዩ ሥልጠና ግብዓት ተደርጎ አይቀመጥ፤ ቅጹን፣ ሰዓቱንና የሥልጣን ክፍፍሉን ለመለወጥ ለሚችለው ኃላፊ በዚያው ሳምንት ይድረሰው።